«እርስዎ» ብዬ ከራቅሁት አለቃዬ ጋር እንዴት ልሥራ?

ጥያቄ፦ «በአንድ የግል አስመጪ ድርጅት የሒሳብ ክፍል ውስጥ 9 ዓመት ሠርቻለሁ። የዛሬ 7 ወር አዲስ የፋይናንስ ኃላፊ ተቀጠረልን፤ በዕድሜ ብዙ ያንሰኛል። መጀመሪያ አካባቢ አንተ አንቺ እየተባባልን ጥሩ ነበርን። የታኅሣሥን ሒሳብ ስንዘጋ የባንክ ማስታረቂያው ላይ (የእኛን መዝገብ ከባንኩ መግለጫ ጋር የምናመሳክርበት ነው) ልዩነት ተገኘና ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት ‹ይሄ የ9 ዓመት ሠራተኛ ሥራ ነው?› አለኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ‹እርስዎ› ነው የምለው። የጠየቀኝን ብቻ እመልሳለሁ፤ ከዚያ ውጭ ቃል አልተነፍስም። እሱም ማታ 3 ሰዓት፣ 4 ሰዓት ላይ በቴሌግራም ሥራ ይልክብኛል። የድርጅቱ ባለቤት ስለሚያውቁኝ ለእሳቸው ንገሪ የሚሉኝ አሉ። እኔን ግን ልቀቂ ልቀቂ እያለኝ ነው። ምን ይሻለኛል?»

ምላሽ፦ እህቴ፣ ከጻፍሽው ሁሉ ዓይኔን የያዘው «እርስዎ» የሚለው ቃል ነው። ለማያውቅ ሰው አክብሮት ይመስላል። አንቺም እሱም ግን አክብሮት እንዳልሆነ ታውቃላችሁ፤ በክፍሉ ያሉት ሁሉ ያውቃሉ፤ ሻይ የምታቀርበውም ሳታውቅ አትቀርም። በእኛ አገር መሥሪያ ቤት ሰው ሲቀየም አይጮህም። አንቱታ ውስጥ ይገባና በሩን ከውስጥ ይቆልፋል። ቤት ውስጥ ቢሆን ኩርፊያ እንለው ነበር። ቢሮ ውስጥ ከረባት ስላሰረ ብቻ ስሙ ጠፋብን።

አስቀድሜ ልናገር፤ ሰውዬው አጥፍቷል። ስህተቱ ያንቺ ሆነም አልሆነ፣ የሠራተኛን ሥራ ለማረም 9 ዓመቱን በሰው ፊት ማንሳት አያስፈልግም። የማስታረቂያው ልዩነት በአንድ ሰዓት ተፈልጎ ይገኛል፤ ያ ቃል ግን እስከ ዛሬ አልወጣልሽም። ስለዚህ ከዚህ በታች «አንቺ እንዲህ አድርጊ» ስል ጥፋቱን ወዳንቺ እያዞርኩ እንዳይመስልሽ። የጻፍሽልኝ አንቺ ነሽ፤ እሱ ቢጽፍልኝ ኖሮ የምለው ሌላ ነበር።

አሁን ስለ ዝምታው። ጀማሪ የሠራተኛ ጉዳይ ባለሙያ ሳለሁ በአንድ ፋብሪካ ውስጥ የምርት ክፍል ኃላፊውና የዕቃ ግምጃ ቤቱ ሠራተኛ ለወራት ሳይነጋገሩ ሲሠሩ አገኘኋቸው። ቢሮዎቻቸው ፊት ለፊት ናቸው፤ መካከላቸው በግምት አሥራ አምስት እርምጃ ቢሆን ነው። የሚገናኙት ግን በማስታወሻ ነበር። አንዱ ይጽፋል፣ ተላላኪዋ ታደርሳለች፣ ሌላው ከግርጌው «ታይቷል» ብሎ ይፈርማል። መዝገብ ቤት ገብቼ ፋይሉን ሳየው የሁለት መንግሥታት ደብዳቤ ነው የሚመስለው። አንድ ቀን ግምጃ ቤት ውስጥ የነበረ የማጣበቂያ ሙጫ የአገልግሎት ጊዜው አልፎበት ተገኘና ብዙ በርሜል ተጣለ። ግምጃ ቤቱ በጊዜ አሳውቋል፤ ማስታወሻውም ደርሷል። ኃላፊው ግን ከሌሎች ወረቀቶች ጋር ደርቦት ሳያየው ሁለት ሳምንት አለፈ። በሩን ገፋ አድርጎ «ይሄ ሙጫ ሊበላሽ ነው» ማለት የሁለት ደቂቃ ሥራ ነበር።

ነገሩን ላጣራ ስገባ ምክንያቱ ሙጫም ሥራም አልነበረም። የግምጃ ቤቱ ሰው እናቱ ሲያርፉ ኃላፊው ለቅሶ አልደረሰውም። ኃላፊው በበኩሉ ሠራተኛው ሲያዋጣ ከሁሉ በላይ አዋጥቷል፤ በዚያ ሰሞን ደግሞ ማሽን ተበላሽቶበት ሌሊት ሁሉ ፋብሪካ ነበር። ገንዘቡ ሐዘኑን የገለጸለት መስሎታል። ሌላው ደግሞ የመዋጮውን ዝርዝር ሲያይ የኃላፊውን ስም ከላይ አገኘው፤ ይሄ ይባስ አበሳጨው። «በብር ገላገለኝ» ነበር ያለኝ። ሁለቱም ውሸት አልነገሩኝም። ለወራት ያጣላቸው አንዱ የሌላውን ሐሳብ በራሱ ጨርሶ መተርጎሙ ነው።

መጨረሻ ላይ ኃላፊው ዘግይቶም ቢሆን ቤቱ ሄዶ «ነፍስ ይማር» አለ። ከዚያ በኋላ ወዳጅ ሆኑ ብዬ አልዋሽሽም፤ አልሆኑም። ማስታወሻው ግን ቆመ፤ ተላላኪዋም እግሯ አረፈ። አለቃሽን መውደድ የለብሽም። ከእሱ የሚያስፈልግሽ ሥራ የሚያልፍበት በር ነው፤ አሁን የተዘጋው እሱ ነው።

ስለ እሱ ጥቂት እንነጋገር፤ ለማዘን ሳይሆን ምን እንደሚያስፈራው ለማወቅ ነው። 7 ወሩ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ የነበረውን ሩጫ አላየውም፤ ሰኔ 30 ሲዘጋ የት የት ጉድጓድ እንዳለ አያውቅም። የፒችትሪውን፣ ማለትም የሒሳብ ሶፍትዌሩን፣ የሒሳብ መደቦች የከፈትሽው አንቺ ነሽ። የትኛው አቅራቢ ደረሰኝ እንደሚያዘገይ፣ የትኛው ባንክ የአገልግሎት ክፍያ ሳይነግር እንደሚቆርጥ የምታውቂው አንቺ ነሽ። ባለቤቱም በስምሽ ይጠሩሻል። እስቲ በእሱ ወንበር ተቀመጪና እይው። ከሥሩ ያለችው ሠራተኛ ከእሱ በላይ ታውቃለች፣ ከባለቤቱ ጋር ከእሱ በፊት ትተዋወቃለች፣ ከዚያ ደግሞ ድንገት ዝም አለችው። ማታ 3 ሰዓት ላይ ቴሌግራም የሚያስልክ ፍርሃት እንዲህ ያለው ነው። ቀን ጠይቆሽ ግማሽ መልስ ያገኘበትን ማታ በጽሑፍ ይጠይቅሻል፤ ጽሑፍ ማስረጃ ስለሆነ።

ብዙ ሠራተኛ የማያውቀው አንድ ነገርም አለ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቺን ይመለከታል፤ «የሥራ መሪ» የሚባለውን ግን ከሽፋኑ አውጥቶታል። የድርጅቱን አሠራር የሚወስን፣ የሚቀጥርና የሚያሰናብት ኃላፊ ብዙ ጊዜ ከዚህ መደብ ይወድቃል፤ የእሱ ጉዳይ የሚታየው በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። ስለዚህ አንቺን ለማሰናበት አዋጁ የዘረዘረው ምክንያትና ሥርዓት ያስፈልጋል፤ የእሱ ወንበር ግን ያንን ያህል አጥር የለውም። አለቃሽ ካንቺ የበለጠ ሥልጣን፣ ካንቺ ያነሰ ዋስትና ይዞ ሊሆን ይችላል። ይህን ካወቅሁ ወዲህ የአለቆችን ቁጣ የማይበት ዓይን ተለውጧል።

ለዚህ ነው «ለባለቤቱ ንገሪ» የሚሉሽን አሁን አትስሚያቸው የምለው። ባለቤቱ ይሰሙሻል፤ ምናልባትም ይጠሩትና ይገሥጹት ይሆናል። ከዚያ በኋላ ግን በእሱ ዓይን የሒሳብ ሠራተኛዋ መሆንሽ ቀርቶ የባለቤቱ ጆሮ ትሆኛለሽ። በእኛ አገር በጣም የለመድነው ነገር ከባለጉዳዩ በፊት ለሦስተኛ ሰው መናገር ነው። ሽምግልና ቤተሰብ ያድናል፣ ትዳር ያድናል፤ ሽማግሌ ግን የሚላከው ሁለቱ ተነጋግረው ሲያቅታቸው ነው። እናንተ ገና አልተነጋገራችሁም።

ከዚህ ውጭ የሚሆን አለ። የማታምኚበትን ሰነድ ፈርሚ ካለሽ፣ ደረሰኝ አስተካክዪ ካለሽ፣ በሴትነትሽ የማይገባ ነገር ከተናገረ ወይም ከነካሽ፣ በብሔርሽ ወይም በሃይማኖትሽ ከሰደበሽ፣ ቡና ጠጥቶ መነጋገር የለም። ቀኑንና ቃሉን ጽፈሽ በዚያው ቀን ወደ በላይ ኃላፊ ወይም ወደ ሠራተኛ ማኅበር ሂጂ። አዋጁ አሠሪው የሠራተኛውን ሰብአዊ ክብር እንዲጠብቅ ያስገድዳል፤ ክብርንና ሞራልን የሚነካ ድርጊት ወይም ወሲባዊ ትንኮሳ ሲፈጸም ሠራተኛው ያለ ማስጠንቀቂያ ሥራ መልቀቅ ይችላል። ይህ መብት ግን ድርጊቱ ከተፈጸመ በ15 የሥራ ቀናት ውስጥ ካልተጠቀሙበት ይታገዳል። ብዙ ሰው ሦስት ወር አልቅሶ ነው ጠበቃ ጋ የሚሄደው።

የነገርሽኝ ግን ከዚህ ውስጥ አይገባም። ስለዚህ ወደ ንግግሩ።

ቀኑን ምረጪ። ወር መዝጊያ ሳምንት አይሆንም፤ የተጨማሪ እሴት ታክስ ማስታወቂያ በሚገባበት ሰሞንም አይሆንም። ሰኞ ጠዋትም ይቅር። ረቡዕ ወይም ሐሙስ፣ ጠዋት ከሻይ ሰዓት በኋላ 4 ሰዓት ተኩል አካባቢ ጥሩ ነው፤ ሰው በልቷል፣ የቀኑም ንዴት ገና አልተጠራቀመም። ከሥራ በኋላ ድራፍት ቤት አይሁን። እዚያ የተባለ ነገር ጠዋት አይታወስም፣ ወይ ተጋኖ ይታወሳል። በቴሌግራምም አትጀምሪው። በሩን አንኳኩተሽ «ሩብ ሰዓት ካለህ ስለ አሠራራችን ላነጋግርህ ፈልጌ ነበር» በይ። «አንተ» ማለትሽን ወዲያው ይሰማዋል። ያ ብቻውን የንግግሩ ግማሽ ነው።

ከዚያ የምትይው አጭር ይሁን። «ክብሬን ነክተሃል» ብለሽ ከጀመርሽ «ማንን?» ብሎ ይከራከርሻል፤ ክብር ሰፊ ሜዳ ነው። የሆነውን ብቻ፣ እንደሆነ ንገሪው፦

«የታኅሣሥ ማስታረቂያ ላይ ልዩነት ነበር፤ ያልተመነዘሩትን ቼኮች እኔ ነበርኩ መለየት የነበረብኝ። በስብሰባው ላይ ግን ‹ይሄ የ9 ዓመት ሠራተኛ ሥራ ነው?› ስትለኝ በጣም ነው የከፋኝ። ከዚያ ወዲህ የማየውን ነገር ቀድሜ አልነግርህም፤ ይሄ የኔ ጥፋት ነው፣ ሥራውንም እየጎዳው ነው። ከእንግዲህ ስህተት ስታገኝብኝ ለብቻዬ ጥራኝ። አልከራከርህም፣ አስተካክላለሁ።»

ልዩነቱ ያንቺ ስህተት ካልነበረ የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር አውጪው፤ ለሰላም ተብሎ ያላጠፉትን አምኖ መቀበል ኋላ ፋይል ውስጥ ይገኛል። ዝምታሽን ግን አምነሽ ተቀበይ። ያ ያንቺ ነው፤ እሱም ስንት ጊዜ ሊጠይቅሽ ፈልጎ እንደተወው አታውቂም።

ተናግረሽ ስትጨርሺ ዝም በይ። ይህ ከሁሉም ይከብዳል። እኛ ዝምታ ሲረዝም «ያው ምንም ማለቴ አይደለም፣ ቅር እንዳይልህ» እያልን የተናገርነውን መልሰን እንውጠዋለን። አትዋጪው። ግድግዳው ላይ ያለውን የቀን መቁጠሪያ እያየሽም ቢሆን ጠብቂ።

«ይቅርታ» የሚለውን ቃል አትጠብቂ። አንዳንድ አለቃ ቃሉን አውጥቶ ይናገራል፤ ብዙው ግን ይቅርታውን በሌላ ነገር ጠቅልሎ ያቀርባል። «ምሳ በልተሻል?» ይልሻል፣ ወይ በሚቀጥለው ስብሰባ «እሷን ጠይቋት፣ እሷ ታውቀዋለች» ይላል። ተቀበይው። ሰምና ወርቅ የለመደ ሕዝብ ይህን መፍታት አያቅተውም።

ቢቆጣስ? «እኔ እንዲህ አላልኩም» ቢልስ? አትከራከሪ። «ሊሆን ይችላል፤ እኔ የሰማሁት ግን እንደዚያ ነው። ለወደፊቱ ብቻ እንስማማ» ብለሽ ውጪ። የመጀመሪያው ንግግር ተበላሽቶ ሁለተኛው የተሳካላቸውን ብዙ አይቻለሁ፤ ሰው አዳር ያስፈልገዋል።

የማታውን ቴሌግራም በዚያው ቀን አታንሺው። ሁለት ክስ በአንድ ጊዜ የቀረበበት ሰው ለሁለቱም ጠበቃ ይሆናል። ሳምንት ቆይተሽ፣ እንደ አቤቱታ ሳይሆን እንደ አሠራር አቅርቢው፦ ዕቃ ጉምሩክ ላይ ተይዞ ክፍያ የሚጠበቅ ከሆነ ይደውልልሽ፣ በማንኛውም ሰዓት አንሺለት። ሌላው እስከ ጠዋት ይቆይ። ማታ ሐሳቡ ከመጣለት ቴሌግራም መልእክትን ለጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ቀጥሮ መላክ ይችላል፤ ይህን አሳይቼያቸው ተገላገልን ያሉኝ ሠራተኞች አሉ። ብዙ አለቃ ማታ የሚልከው እንዳይረሳው ነው እንጂ ያኔውኑ እንድትሠሪው አይደለም። ችግሩ ይህን አይነግርሽም፤ አንቺም አትጠይቂውም።

ማታ ቁጭ ብለሽ እንድትሠሪ የሚፈልግ ከሆነ ግን ያ ትርፍ ሰዓት ነው፤ ሕግ አለው። መደበኛው ሥራ በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ነው። ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ማታ 4 ሰዓት ያለው ትርፍ ሰዓት በመደበኛው የሰዓት ክፍያ በ1.5፣ ከማታው 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ያለው በ1.75፣ የሳምንት ዕረፍት ቀን በ2፣ የሕዝብ በዓል በ2.5 ተባዝቶ ይከፈላል፤ በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት መብለጥም የለበትም። ይህን ስትነግሪው እንደ ማስፈራሪያ አታድርጊው። «ሐምሌ ላይ ስንት ሰዓት ትርፍ እንደሚያስፈልገን ቀድመን ብናስጸድቅ» ማለት ያንኑ ሕግ ለሁለታችሁም የሚሠራ ያደርገዋል። የሒሳብ ሰው ነሽ፣ በጀት ማስያዝ ታውቂያለሽ።

ንግግሩ ካለፈ በኋላ የሚያጸናው ነገር ትንሽ ነው። በሳምንት አንድ ቀን፣ ሐሙስ ይሁን፣ ሩብ ሰዓት ከእሱ ጋር ተቀመጪ። ግማሽ ገጽ ወረቀት ይዘሽ ግቢ፤ ያለቀው፣ የቆመው፣ እና ሳይጠይቅሽ ሊያውቀው የሚገባው መጥፎ ወሬ። ሦስተኛዋ መስመር ዋናዋ ናት። ኤሚ ኤድመንድሰን የተባሉ የሃርቫርድ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የሆስፒታል ቡድኖችን ሲያጠኑ ያልጠበቁት ነገር ገጥሟቸው ነበር፤ ጥሩ መግባባት ያላቸው ቡድኖች የመዘገቡት የመድኃኒት ስህተት ከሌሎቹ ይበልጣል። ነገሩን ሲመረምሩት እነዚያ ስህተት ያበዙ ሳይሆኑ ስህተትን ያልደበቁ ሆነው ተገኙ። የሒሳብ ክፍልም ከዚህ አይለይም። ልዩነት የሌለው የሚመስል ማስታረቂያ ሁልጊዜ ጤና አይደለም፤ አንዳንዴ ሁለቱ ሰዎች አይነጋገሩም ማለት ነው። ኦዲተር ሲመጣ ይታያል።

እዚህ ላይ አንድ የቆየ ጠባሳ ማንሳት አለብኝ። በየመንግሥት መሥሪያ ቤቱ «ግምገማ» በሚባለው ውስጥ ያለፍን ሰዎች፣ ስህተትን በሰው ፊት ማውጣት ሥራ ማሻሻል ነው ተብለን ነው ያደግነው። ሂስና ግለሂስ እየተባለ ሰው ተነሥቶ ራሱን ሲወቅስ እንውላለን፤ ማታ ሁሉም እንደተቀያየመ ቤቱ ይገባል። አለቃሽ ወጣት ነው ብለሻል፤ ቢሆንም የመጀመሪያ ሥራውን ከማን እንደተማረ አላውቅም። በስብሰባ ማረምን ከአለቆቹ ወርሶት ከሆነ ክፋት ላይሆን ይችላል። «ለብቻዬ ጥራኝ» የምትዪው ምናልባት ማንም ነግሮት የማያውቀውን ነው።

ስለ ዕድሜው ብዙ አልልም። ታናሽሽ «አንቺ» ብሎ ማዘዙ ቢቆረቁርሽ አልፈርድብሽም፤ እኔም ቆርቁሮኝ ያውቃል። ነገር ግን ራስሽ እንደጻፍሽው ከታኅሣሥ በፊት አላስከፋሽም ነበር። ስለዚህ የከፋሽ ዕድሜው አይደለም፤ አትደርቢበት።

ይህን ሁሉ አድርገሽ ሁለት ወር ቢያልፍና በስብሰባ መዝለፉን ቢቀጥል፣ ያኔ በጽሑፍ አድርጊው። አንድ ገጽ፤ ቀኖቹ፣ ቃላቱ፣ በምን ቀን ለብቻው እንዳነጋገርሽው። ግልባጩን ለሰው ኃይል አስተዳደር ስጪ። ባለቤቱ ጋ የሚኬደው ያኔ ነው፤ ይህም ከአለቃሽ ተደብቆ ሳይሆን «ለእሳቸውም አቀርበዋለሁ» ብለሽ ነግረሽው።

መልቀቅም ውርደት አይደለም። የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ መልቀቅ ይችላል። በንዴት ግን ጥለሽ አትውጪ፤ ከ9 ዓመት በኋላ የሥራ ልምድ ማስረጃሽን ለመውሰድ በተኳረፈ በር መግባት ያስቸግራል። ሰኔ መጨረሻ ላይም አትልቀቂ፤ ይህን የምለው ለእነሱ አዝኜ አይደለም፣ የከተማው የሒሳብ ሰው እርስ በርሱ ስለሚተዋወቅ ነው። ርክክቡን በሰነድ አድርጊ፤ የቼክ ደብተር፣ የፋይል ቁልፍ፣ የይለፍ ቃል፣ ያልተወራረደ ቅድመ ክፍያ፣ ሁሉም በፊርማ።

እንደ እኔ ግምት ግን እስከዚያ አትደርሱም። ሐሙስ አነጋግሪውና የሆነውን ጻፊልኝ፤ በተለይ ተናግረሽ ከጨረስሽ በኋላ ዝምታውን መጀመሪያ የሰበረው ማን እንደሆነ።